ዳር የማይደርሱ ዘፈኖች፦ አንዲት አቀናባሪ ሶፍትዌሯን የመረጠችበት መንገድ

«ኤብልተን ልግዛ ወይስ ሎጂክ?»

ጥያቄው ይሄው ነው፣ ማብራሪያም አልነበረውም። ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ጠያቂዋ ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ለዓመታት ከባንድ ጋር ሠርታለች፤ አሁን ቤቷ ቁጭ ብላ ለዘፋኞች ታቀናብራለች። የምትሠራበት ፕሮግራም ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ነው። ኮምፒውተሯ ዕድሜው ገፋ ያለ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው፣ ራሙ 8 ጊጋባይት። ስለዚህ ግማሹ ጥያቄ ገና ሳንነጋገር ወደቀ። ሎጂክ ፕሮ የአፕል ማሽን ካልሆነ አይነሳም። ለአንድ ሶፍትዌር ብሎ ኮምፒውተር የሚቀይር ሰው አለ፣ እሷ ግን ሐሳቡም አቅሙም አልነበራትም።

ያስቸገረኝ ቀሪው ግማሽ ነው። «ለምን ኤብልተን?» ስላት፣ የምታደንቀው አንድ ፕሮዲዩሰር በእሱ እንደሚሠራ ነገረችኝ። «ቪዲዮውን ሳይ እጁ አያርፍም። እኔ እዚህ ተጣብቄ ቀረሁ» አለች። የሚወዱትን ሰው እያዩ መማር ያለ ነገር ነው፣ አልነቅፍም። ግን የሰውየው እጅ የማያርፈው በሶፍትዌሩ ይሁን በልምዱ፣ ከቪዲዮ አይታወቅም። ቪዲዮው ላይ የማይታይ ሌላም ነገር አለ፦ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ስንት ሰዓት እንደለፋ።

እንዲህ ሲጠየቅ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ይገባል። ይሄ ስንት ትራክ ይይዛል፣ ያኛው ስንት ኢፌክት አለው፣ የትኛው ላይ የበለጠ ሳምፕል (ተቀድቶ የተዘጋጀ ድምፅ) አብሮ ይመጣል። እኔ ለዚህ ሰንጠረዥ ብዙም ፍቅር የለኝም። ዛሬ ከዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች ውስጥ መቅዳት፣ ሚዲ (የትኛው ኖታ መቼ እንደተጫወተ የሚይዝ መረጃ) ማረምና ሚክስ ማድረግ (ድምፆቹን አመጣጥኖ ማዋሃድ) የማይችል የለም። ሰንጠረዡ ሁሉም ቦታ ላይ «አለው» የሚል ከሆነ ምን ይረዳል? ስለዚህ የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነው። የፕሮጀክት ፎልደርሽን ክፈቺና እንስማ አልኳት።

ፎልደሩ ምን ይላል

የፋይሎቹ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል። «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ በቃ»፣ «ይሄኛው»። አንድ በአንድ እየከፈትን አዳመጥን።

አብዛኞቹ 8 ባር (ምቱ የሚከፋፈልበት ልክ) ናቸው። ይደገማሉ፣ ይደገማሉ፣ ከዚያ ያልቃሉ። መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ጆሮ ላይ የሚቀሩ ናቸው። አንዱን ልንገራችሁ። ኪክና ስኔር አለው፣ ሁለት ዓይነት ሃይሃት፣ ቤዝ፣ ፓድ፣ እርስ በርስ የሚመላለሱ ሁለት ሲንተሳይዘሮች፣ ከላይ ደግሞ የደወል ድምፅ የሚመስል ነገር። ሚክሱ ሳይቀር ተሠርቶለታል፣ ቤዙና ኪኩ እንዳይጋጩ በኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል በሚያስተካክለው መሣሪያ) ተቆርጦላቸዋል። ችግሩ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያዋ ባር ጀምሮ መጫወቱ ነው። አዝማቹ ሲመጣ ምን ይጨመራል? ምንም። ቦታው ተይዟል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቀነስ ብቻ ነው፣ ያማረ ነገር መቀነስ ደግሞ ማንም ሰው አይወድም። ስለዚህ ፋይሉን ዘግታ «አዲስ 3» ብላ ሌላ ትጀምራለች።

ዳር የደረሱም ነበሩ። ጥቂት ናቸው ግን አሉ፣ ዘፋኞቹም ዘፍነዋቸዋል። እነዚህን ለየብቻ አውጥተን የት እንደተጀመሩ ጠየቅኳት። አንዱ ስልኳ ላይ በድምፅ መቅጃ። ሌላውም ስልክ ላይ። ሦስተኛውም። ኪቦርዱ ላይ ሁለት እጇን ጥላ እያንጎራጎረች ከመግቢያ እስከ መጨረሻ የተጫወተችው ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠችው። እሷ ይሄን አላስተዋለችውም ነበር። «አጋጣሚ ነው» አለች መጀመሪያ። ስልኳን ከፍተን ስናይ ግን አጋጣሚ አልሆነም። ስልኩ ውስጥ ሙሉ ሙሉ ዘፈኖች ተደርድረዋል። ቨርስ አላቸው፣ አዝማች አላቸው፣ መሸጋገሪያ አላቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ያማሩ 8 ባሮች።

ከዚህ በኋላ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል» የሚለው ጥያቄ ለእኔ አብቅቷል። ጥያቄው የዚች ሴት ዘፈን የሚቆመው የት ላይ ነው፣ ከዚያስ የሚያሻግራት ምንድነው የሚል ሆነ።

እጅ ሲሠራ ማየት

«እስቲ እኔ እያየሁ አዲስ ነገር ጀምሪ» አልኳት።

ኤፍ ኤልን ከፈተች። ፊት ለፊት 16 ቁልፎች የተደረደሩበት መስመር አለ፣ የድራም ምት የሚደረደርበት ስቴፕ ሲክወንሰር። ቀልቧ ወዲያው እዚያ ሄደ። ኪክ መምረጥ ጀመረች። አንዱን ትሰማለች፣ «አይ»፣ ሌላውን ትሰማለች፣ «ትንሽ ወፍራም ነው»። ገና ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ ኪክ ይመረጣል። ከዚያ ሃይሃት። ከዚያ ፒያኖ ሮሉን (ኖታ የሚሳልበትን ገጽ) ከፍታ ኮርዶቹን በማውስ መሳል ጀመረች።

እዚህ ላይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ኪቦርዱ ክንዷ ሥር ተሰክቶ ቁጭ ብሏል፣ መብራቱ በርቷል። በባንድ ዓመታት ያሳለፈች ኪቦርድ ተጫዋች ደግሞ ኖታውን አንድ በአንድ በማውስ ትስላለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ስትጫወት ከክሊኩ (ምቱን ከሚቆጥረው ድምፅ) ትንሽ እንደምትወጣ፣ ከዚያ ማረሙ ጊዜ እንደሚፈጅ፣ «በማውስ ከመጀመሪያው ልክ ይሆናል» ብላ ነገረችኝ። ስክሪኑን አጠፋሁና ያንኑ ዘፈን ተጫወቺልኝ አልኳት። ተጫወተች። አዝማቹ ሊገባ ሲል ትንሽ ዘግየት አለች፣ ገብታ ደግሞ ፈጠነች። ሁለተኛው ቨርስ ላይ ኮርዶቹን ገለበጠቻቸው። ሙሉ ዘፈን ነው፣ የጎደለው ግጥም ብቻ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ዛሬ ሁሉም ሁሉንም ይሠራሉ ብያለሁ፣ ግን እያንዳንዱ የተወለደበትን ሥራ አይረሳም። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሩቲ ሉፕስ ተብሎ ሲወጣ የሚዲ ድራም ማሽን ነበር። ዛሬም ባዶ ፕሮጀክት ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ ድራም ነው። ኪውቤዝ እ.ኤ.አ. በ1989 አታሪ ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄድ የጊዜ መስመር ላይ የተጫወቱትን ክፍል መደርደር ነበር ሥራው። ፕሮ ቱልስ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የስቱዲዮ ቴፕን ለመተካት የመጣ ነው፣ እስካሁንም ጉልበቱ መቅዳትና ማረም ላይ ነው። ኤብልተን ላይቭ እ.ኤ.አ. በ2001 ከበርሊን የወጣው ላፕቶፕ ይዘው መድረክ ላይ ሙዚቃ በሚጫወቱ ሰዎች እጅ ነው፤ ስሙም ያው ላይቭ ነው። ሲከፈት የሚመጣው ሴሽን የሚባለው ገጽ ነው፣ አጫጭር ክሊፖች ሳጥን ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው የሚቀሰቀሱበት። ሪዝን ደግሞ ሙሉ የስቱዲዮ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) አስመስሎ ይመጣል፣ ታብ ስትጫኑ ይገለበጥና ከጀርባው ኬብሎቹ ይወዛወዛሉ። ኬብል መሰካት ደስ ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መጫወቻ የለም።

እኔ ሰው ሲያማክረኝ ከምንም በላይ የማየው ይሄን ነው፦ ባዶ ፕሮጀክት ሲከፈት መጀመሪያ ምን እንድታደርጉ ይጋብዛችኋል? ግብዣው እጃችሁ ሊያደርግ ከሚፈልገው ጋር ከገጠመ ሥራው ይፈሳል። ካልገጠመ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትታገላላችሁ፣ ትግሉም ስለለመዳችሁት አይታወቃችሁም።

ይሄ ኤፍ ኤልን ማጣጣል አይደለም። ቢት ከድራም ተነስቶ ለሚገነባ ሰው ፈጣን ነው፣ ፒያኖ ሮሉን የሚወዱት ሰዎች ደግሞ ሌላ ቦታ ሄደው ያንን የሚመስል አጥተው ይመለሳሉ። አንዴ የገዛ ሰው ለዕድሜ ልክ አዲሱን ቨርዥን በነጻ ማግኘቱም ቀላል ነገር አይደለም።

የሚፈለገውን ማጥበብ

ከዚያ ተቀምጠን የምትፈልገውን ጻፍን። ረጅም ዝርዝር እንዳይሆን ተጠንቅቀናል። አንደኛው፣ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት፣ ከዚያ በኋላ ማረም። ሁለተኛው፣ ዘፋኝ ሲመጣ አዝማቹን ደጋግሞ አዘፍኖ ከእያንዳንዱ የሚያምረውን ሐረግ መልቀም፤ እስካሁን ዘፋኞቿ ሌላ ቦታ ቀድተው ተመርጦ ያለቀ አንድ ፋይል ነበር የሚልኩላት። ሦስተኛው፣ ያንን ላፕቶፕ እንዳይገድለው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ወጣ። የያዘችው የኤፍ ኤል ፍሩቲ ኤዲሽን የሚባለው ነው። ይሄ ኤዲሽን ድምፅ አይቀዳም። ለዚያ ፕሮዲዩሰር ኤዲሽን ያስፈልጋል። ለዓመታት «ኤፍ ኤል ድምፅ ላይ ደካማ ነው» ስትል የኖረችው ስለ ኤዲሽኑ ነበር። እንግዲህ ኤዲሽን ማሳደግም ምርጫ ሆነ፣ ምናልባትም ርካሹ ምርጫ። ሶፍትዌር ለመቀየር የምታስቡ ሰዎች ከሁሉ በፊት የያዛችሁት ኤዲሽን ምን እንደቆረጠባችሁ እዩ። ኢንትሮ የሚባለው የኤብልተን ላይቭ ኤዲሽንም 16 ትራክ ላይ ይቆማል፤ ያንን ሳያውቅ «ላይቭ አይበቃኝም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

አራት እጩዎች ቀሩ። ኤፍ ኤልን አሳድጎ መቆየት፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ኪውቤዝ፣ ሪፐር። ሪፐርን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ስሙንም አልሰማችም። የዊንአምፕ ፈጣሪ ጀስቲን ፍራንክል የሠራው ፕሮግራም ነው፣ መጫኛ ፋይሉ ጥቂት ኤምፒ3 ዘፈኖችን ያህላል፣ ደካማ ማሽን ላይ ቀለል ብሎ ይሄዳል። ፕሮ ቱልስን ያላስገባነው ሚክስ የሚሠራላት ሰው በእሱ ስለሚሠራ እሷም ግድ በእሱ መሥራት አለባት የሚለው ስላላሳመነኝ ነው። ለሚክስ የሚላከው የድምፅ ፋይል ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አላስቀምጥ አላት። «ድምፁስ? ኤብልተን ድምፁ ይወፍራል ይባላል።»

ይሄን ክርክር በቃል መጨረስ አይቻልም፣ ስለዚህ አሳየኋት። ያው የድምፅ ፋይሎች ሁለት ፕሮግራም ውስጥ ገቡ፣ ቮልዩማቸው እኩል፣ ኢፌክት የለም። ሁለቱንም ኤክስፖርት አደረግን። ከዚያ ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ አስቀምጦ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) መገልበጥ ነው። እኩል ከሆኑ ይጠፋፋሉና ዝምታ ይሆናል። መጀመሪያ አልጠፋፉም። «ይኸው!» አለች። ምክንያቱ ፓን ሎው የሚባለው ቅንብር ነው፤ ሞኖ ድምፅ መሃል ላይ ሲቀመጥ አንዱ ፕሮግራም 3 ዴሲቤል ይቀንስለታል፣ ሌላው እንዳለ ይተወዋል። እሱን አንድ ዓይነት አድርገን ስንደግመው ሜትሩ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ጭጭ። ወፍራም የሚባለው ድምፅ የሚመጣው አብረው ከሚመጡት ሲንተሳይዘሮች፣ ሳምፕሎችና ኢፌክቶች ነው፣ ከመደመሩ አይደለም። ከዚህ በኋላ ድምፅ የሚለው ነገር ከውይይቱ ወጣ።

ሙከራው

ሙከራ ላይ ሰው የሚሳሳተው በየፕሮግራሙ አዲስ ነገር እየሠራ ነው። አዲስ ፕሮግራም ላይ አዲስ ድምፅ ያገኛል፣ አዲሱ ድምፅ ያስደስተዋል፣ ደስታውን ለፕሮግራሙ ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድ ዘፈን ከስልኳ መረጥን። ያው ዘፈን፣ ያው ኪቦርድ፣ ሁሉም ውስጥ የሚሠሩ ያው የፒያኖና የቤዝ ፕለጊኖች (በፕሮግራሙ ውስጥ የሚከፈቱ መሣሪያዎች)። ግቡ እንዲያምር አይደለም። ቨርስ፣ አዝማች፣ ሁለተኛ ቨርስ፣ ከዚያ አዝማቹ ላይ የተቀዳ የሰው ድምፅ። ሌላ ምንም።

የሙከራ ቅጂዎቹ ሕጋቸው የተለያየ ነው፣ ይሄም ማወቅ ይገባል። ኤብልተን ላይቭ ስዊት የሚባለውን ሙሉ ኤዲሽን ለ30 ቀን ይሰጣል። ሪፐር 60 ቀን ምንም ሳይቆርጥ ይሠራል። የኤፍ ኤል ሙከራ ቅጂ ደግሞ ጊዜ አይገድብም፣ ሴቭም ያደርጋል፣ ግን ሴቭ ያደረጋችሁትን ፕሮጀክት እስክትገዙ መልሳችሁ አትከፍቱትም። የፕሮዲዩሰር ኤዲሽኑን ለመሞከር በአንድ ቁጭታ መጨረስ ነበረባት ማለት ነው።

ኤፍ ኤል ላይ የሆነው የታወቀ ነው። ድምፅ መቅዳቱን ሠራ፣ ጥሩ ሠራ። ግን ፕሮግራሙን ስትከፍት እጇ በራሱ ጊዜ ወደ 16ቱ ቁልፎች ሄደ። ዘፈኑን መጫወት እንዳለባት አስታወስኳት፣ ተጫወተች፣ ከዚያ ያንኑ መልሳ በ8 በ8 ባር መቆራረጥ ጀመረች። ልማድ ነው።

ኤብልተን። በጣም የተጠበቀው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ምሽት ያየኋትን ያህል ደስ ብሏት አላየኋትም። ሴሽን ገጹ ላይ ክሊፕ በክሊፕ እየቀዳች፣ እየቀሰቀሰች፣ ቀለም እየቀባች። ድምፅን ከቴምፖ (ከዘፈኑ ፍጥነት) ጋር የሚያስማማበት ዋርፕ የሚባለው ነገር አንጀት የሚያርስ ነው፣ ዝም ብሎ ይሠራል። ሰዓቱ ነጎደ። መጨረሻ ላይ ምን ተሠራ ብለን ስናይ፣ ብዙ ያማሩ 8 ባሮች። በቃ ያው ፎልደር፣ አሁን በቀለም። አሬንጅመንት ወደሚባለው ሌላው ገጽ ሄደን ስንሞክር ሥራው ሄደ፣ ከላይቭ 11 ወዲህ የድምፅ ቅጂዎችን መልቀሚያም አለው። ችግሩ እሷ በዚያ ገጽ ለመሥራት ከሆነ ኤብልተንን ኤብልተን የሚያደርገውን ነገር ሸፍና ነው የምትሠራው። ከሁሉ አብልጣ የፈለገችው ፕሮግራም ከሁሉ አብልጦ በሽታዋን የሚመስል ሆኖ ተገኘ። ተናድዳለች፣ አልደብቅም። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ለምሳሌ መድረክ ላይ የሚጫወት ወይም ከሉፕ ተነስቶ ዳር የሚያደርስ፣ እዚሁ ላይ ፍለጋውን ያቆም ነበር።

ኪውቤዝ ላይ ነገሩ ተቀየረ። ያለ ክሊክ ተጫወተች፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ከአጨዋወቷ ቴምፖውን አውጥቶ ባሮቹን እሷን አስከተላቸው። ዘግየት ያለችበት ቦታ ባሩ ይረዝማል፣ የፈጠነችበት ያጥራል። ክሊኩን የምትከተለው እሷ መሆኗ ቀርቶ ክሊኩ እሷን ተከተለ። ፊቷን ብታዩት። የኮርድ ትራኩንም ወደደችው፣ ኮርዶቹ ስማቸው ተጽፎ ከላይ ይሄዳሉ። የድምፅ ቅጂ መልቀሚያውም ጥሩ ነው። ላፕቶፑ ግን ተጨናነቀ። አብሮ የሚመጣው የድምፅ ላይብረሪ ዲስኩን ሞላው፣ ለመነሳት ጊዜ ወሰደ፣ ከፓዱና ከስትሪንጉ ጋር ዘፋኝ ሊቀዳ ሲል ድምፁ መንጫጫት ጀመረ። ባፈሩን ከ128 ወደ 1024 ሳምፕል ማሳደግ ግድ ሆነ።

ባፈር የሚባለውን ለማያውቅ፦ ኮምፒውተሩ ድምፁን እያጠራቀመ የሚያስተናግድበት መጠን ነው፤ ሲያድግ ማሽኑ ያርፋል፣ ድምፁ ግን ይዘገያል። በ48 ሺህ ኸርዝ ሲቀዳ 128 ሳምፕል (እዚህ ላይ የድምፁ አንድ ነጠላ ልኬት ነው) ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ 1024 ደግሞ 21 ሚሊሰከንድ። ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፣ ስለዚህ ከ40 በላይ ይሆናል። 40 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ዘፋኝ ከዘፈኑ ይወጣል። መፍትሔ አለው፣ ትራኮቹን ወደ ኦዲዮ ቀይሮ ፕለጊኖቹን ማሳረፍ፣ ወይም ከኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ከሚያገናኘው ዕቃ) በቀጥታ ማዳመጥ። ጥፋቱም በዋናነት የማሽኑ እንጂ የኪውቤዝ አይደለም። ግን እሷ ያላት ያ ማሽን ነው።

ሪፐርን ስትከፍት የመጀመሪያ ቃሏ «ይሄ ምንድነው? የባንክ ሶፍትዌር ይመስላል» ነበር። ልክ ናት፣ አያምርም። ከሞላ ጎደል ባዶ ነው፤ ኢፌክቶች አሉት፣ የሚያስደስት ሲንተሳይዘር ወይም የድራም ስብስብ ግን አብሮት አይመጣም። ቅንብሩ ማለቂያ የለውም፣ አንድ ነገር ለማድረግ አምስት መንገድ አለ፣ አምስቱም በረጅም ሜኑ ውስጥ ተቀብረዋል። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንደምትዘጋው አልጠራጠርም። እኔ አንድ ቴምፕሌት አዘጋጀሁላት፦ ፒያኖ ትራክ ለመቀዳት ዝግጁ ሆኖ፣ ቤዝ፣ የዘፋኝ ትራክ፣ በቃ።

ባዶነቱ ግን ሠራላት። የሚመረጥ ኪክ የለም። የሚሰማ ፕሪሴት የለም። ያለው ቀይ ቁልፍ ነው። ተጫነችው፣ ተጫወተች። ክሊኩን አጥፍታ ከመግቢያ እስከ መጨረሻ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ያዝን። ዘፋኙ አዝማቹን ደጋግሞ ሲዘፍን ቅጂዎቹ አንዱ በሌላው ሥር መስመር ሠርተው ተቀመጡ። ከሪፐር 7 ወዲህ የተሻለውን ሐረግ በማውስ ጠረግ አድርጎ መምረጥ ነው። ከሦስተኛው ቅጂ የመጀመሪያውን ሐረግ ወሰደች፣ ከመጨረሻው ደግሞ ትንፋሹንና የመጨረሻዋን ቃል፣ መገጣጠሚያው አልታወቀም። ላፕቶፑ ባፈሩ 128 ላይ እያለ አልተንጫጫም።

የሪፐር እጅ የሚያጥረው ቴምፖው ላይ ነው። ኪውቤዝ በራሱ የሠራውን እዚህ በእጅ መሥራት አለ። አንድ ባር ትመርጣላችሁ፣ «ከዚህ እስከዚህ አንድ ባር ነው» ትሉታላችሁ፣ ወደ ቀጣዩ ትሄዳላችሁ። ሙሉ ዘፈን ላይ አሰልቺ ነው። እጅ ከለመደ በኋላ ይፈጥናል፣ ግን አሰልቺነቱ አይጠፋም።

ውሳኔው

በሰንጠረዥ ቢሆን ኪውቤዝ ያሸንፍ ነበር። ብዙ ነገር አለው፣ የሚያስፈልጋትን ቴምፖ ነገርም በራሱ ይሠራል። እሷ የመረጠችው ግን ሪፐርን ነው፣ እኔም የተስማማሁት ማሽኑን ሳታስታምም መቅዳት የምትችልበት እሱ ስለሆነ ነው። ሰው ወደ ሥራው የሚመለሰው ሥራው ቶሎ ሲቀበለው ነው። ላፕቶፑ ሲቀየር ኪውቤዝን መልሳ ልትሞክር ትችላለች፤ ያኔ የሚለወጥ ውሳኔ ከሆነ ይለወጥ።

ኤፍ ኤልን አላራገፈችውም። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ፕለጊን ይከፈታል፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ስለዚህ ዘፈኑ ሪፐር ላይ ከዳር እስከ ዳር ከተቀመጠ በኋላ ድራሙን ኤፍ ኤልን እዚያው ውስጥ ከፍታ ትሠራለች። የምትወደው ኪክ የመምረጥ ሥራ አልቀረባትም፣ ወረፋው ነው የተቀየረው። ድራሙ ሲያልቅ ወደ ኦዲዮ ትቀይረውና ፕለጊኑን ትዘጋዋለች፣ ማሽኑ እንዲያርፍ።

ሽግግሩን በአንድ ቀን አላደረገችም። በወቅቱ ለአንድ ዘፋኝ የምታስረክበው ሥራ በእጇ ነበር፤ እሱን በለመደችው ኤፍ ኤል ጨርሳ አስረክባለች። የቀነ ገደብ ሥራ መሃል ላይ ፕሮግራም መቀየር ማለት ሥራውንም ፕሮግራሙንም መጥላት ነው። የቆዩት ፕሮጀክቶች ጉዳይ ደግሞ ብዙ አሳስቧት ነበር። ፕሮጀክት ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢትዊግና ፕሪሶነስ ያወጡት ዳውፕሮጀክት የሚባል የጋራ ፎርማት አለ፣ ግን የሚሠራው በሚደግፉት ፕሮግራሞች መካከል ነው፣ ከኤፍ ኤል ወደ ሪፐር ለሚሄድ ሰው አልጠቀመም። የቀረው የታወቀው መንገድ ነው። እያንዳንዱን ትራክ ከባር 1 ጀምሮ ለየብቻ ኦዲዮ አድርጎ ማውጣት፣ ኖታውን ደግሞ በሚዲ ፋይል። ሚዲ ኖታውን ያሻግራል፣ ድምፁንና ኢፌክቱን አያሻግርም። ይሄን ያደረገችው ዘፋኝ ለሚጠብቃቸው ዘፈኖች ብቻ ነው። ሌሎቹን በነበሩበት ተወቻቸው፣ ብርቅ የሆነ ድምፅ ካላቸው ከፍታ ትወስዳለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱን ፎልደር አየሁት። ያላለቁ ሥራዎች አሁንም አሉ፣ የሌለው ሰው ካለ ይንገረኝ። ግን ያላለቁበት ቦታ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ሁለተኛ ቨርስ አላቸው፣ አዝማች አላቸው፤ የጎደላቸው ድራም ነው ወይም ግጥም። ድራም የጎደለውን ዘፈን መጨረስ ዘፈን የጎደለውን ድራም ከመጨረስ ይቀላል። ይሄ ሁሉ የሶፍትዌሩ ሥራ ነው ወይ? አይመስለኝም። ያንኑ ቴምፕሌትና ያንኑ ቅደም ተከተል ኤፍ ኤል ላይ በጽናት ብትይዝ ከፊሉን ታገኘው ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ያደረገው አሮጌው ልማድ የሚቀመጥበት ወንበር መንሳት ነው። ለእኔ ይሄ በቂ ምክንያት ነው፣ ግን ልማዱን ሳይለይ ፕሮግራም ብቻ የሚቀይር ሰው ወንበሩን አዲሱም ቤት ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል።

የጎደለባትም አለ። ፒያኖ ሮሉ ይናፍቃታል፣ የሪፐሩ ሚዲ ኤዲተር እንደዚያ እጅ ላይ አይልም ትላለች፣ እውነቷን ነው። መልኩን በሌላ ቲም (ገጽታ) ቀይራዋለች፣ ያም ሆኖ አልወደደችውም። ቴምፖ ማስተካከሉን ትጠላዋለች፤ ስለዚህ ቋሚ ድራም ለሚፈልግ ዘፈን ከመጀመሪያው ለስለስ ያለ ምት ከፍታ እሱን ተከትላ ትጫወታለች፣ ነጻ የሆነውን አጨዋወት ለዘገምተኛ ዘፈኖች ታስቀራለች።

አሁን ደግሞ አብሯት የሚሠራ ሌላ አቀናባሪ አለ፣ እሱ የኤብልተን ሰው ነው። አንዱ የሌላውን ፕሮጀክት መክፈት አይችልም። መጀመሪያ ፋይል ሲላላኩ አንዱ ትራኩን ድምፁ ከሚጀምርበት ቦታ ቆርጦ ይልካል፣ ሌላው የት እንደሚቀመጥ እየገመተ ይውላል። ከዚያ ተስማሙ፦ ሁሉም ፋይል 24 ቢት፣ 48 ሺህ ኸርዝ፣ ዝምታም ቢሆን ከባር 1 ጀምሮ፣ ቴምፖው ቁጥሩ በፋይሉ ስም ላይ ተጽፎ። ቴምፖው የሚለዋወጥ ዘፈን ከሆነ ሚዲ ፋይል ይጨመራል፣ የቴምፖ ለውጡን ስለሚይዝ። ሚክስ ለሚሠራላት ሰውም የምትልከው እንደዚሁ ነው። እሱ በምን እንደሠራችው እስካሁን አልጠየቃትም።